ሁካታው የሚነሣው መቼ ነው?



ይህን ጽሑፍ የምናቀርብላችሁ ሦስት ወጣት መምህራን ነን። ከሰኞ እስከ ዓርብ በአዲስ አበባ በሚገኙ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ት/ቤቶች እናስተምራለን፤ እሑድ ጠዋት ደግሞ ከብዙዎቻችሁ ጋር የሕፃናቱን ክፍል እንይዛለን። ባለፈው ክረምት በሕፃናት ክፍል መምህራን ውይይት ላይ አንዲት እኅታችን ተነሥታ፥ «ሃምሳ ልጅ በአንድ ጊዜ ሲንጫጫ ምን ይደረጋል? እኔ እንደሆነ ድምፄ ተዘግቶ ቀረ» ብላ ጠይቃን ነበር። ለጊዜው «ታገሺ» አልናት። እርስዋም ፈገግ ብላ ተቀመጠች። ወደየቤታችን ስንሄድ ግን የሰጠናት መልስ መልስ እንዳልነበረ ተሰማን። ይህ ጽሑፍ ዘግይቶም ቢሆን ለእርስዋ የተጻፈ ነው።

እኛም ሥራውን ስንጀምር የምናውቀው መጮህን ብቻ ነበር። በመምህራን ማሠልጠኛ ሳለን የትምህርት ዕቅድ ማውጣትን፣ ፈተና ማዘጋጀትን፣ የማስተማሪያ መርጃ መሥራትን ተምረናል። ይሁን እንጂ ለሦስት ልጆች በተሠራ ዴስክ ላይ አራቱ ተጠጋግተው በተቀመጡበት፣ 68 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል በር ላይ ብቻችንን ስንቆም የተማርነው ሁሉ ከአእምሮአችን ጠፋ። (ለአንደኛ ደረጃ የተወሰነው መለኪያ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።) «ዝም በሉ!» እያልን ጠረጴዛውን በእንጨት ማስመሪያ እንደበድብ ነበር። ክፍሉም ዝም ይላል። ጸጥታው ግን ቀኑንና ርእሱን ሰሌዳው ላይ ጽፈን እስክንዞር እንኳ አይቆይም። ከዚያ ካለፈው ከፍ ባለ ድምፅ «ዝም በሉ!» እንላለን፤ እነርሱም ከእኛ ድምፅ በላይ ለመሰማማት ይጮኻሉ። በዚህ ዓይነት እስከ ኅዳር ሄድን። በኅዳር ሁለታችን በጉሮሮ ሕመም ጤና ጣቢያ ተመላለስን።

በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሻይ እየጠጣን «የዘንድሮ ልጅ ባለጌ ነው» ስንል፣ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው አንድ መምህር ይሰሙን ነበር። እርሳቸው ሲጮኹ ሰምተን አናውቅም፤ ክፍላቸውም አይረበሽም። «እርስዎ እንዴት ነው የሚያደርጉት ጋሼ?» ብለን ጠየቅናቸው። «ልጆቼ፥ መጀመሪያ ሁካታው የሚነሣው መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ ወይ?» አሉን። «ሁልጊዜ ነዋ!» ብለን መለስን። ሳቁብንና፥ «ሁልጊዜ የሚሆን ነገር የለም። አንድ ደብተር ያዙና ሁለት ሳምንት ጻፉ። ማን ረበሸ ብላችሁ ግን አትጻፉ፤ መቼ ተነሣ ብላችሁ ጻፉ» አሉን።

እንደተባልነው ጻፍን። ሁለት ሳምንቱ ሲያልቅ ሦስታችን ደብተሮቻችንን አመሳከርን። በሦስት ልዩ ልዩ ክፍሎች፣ በሦስት ልዩ ልዩ የትምህርት ዓይነቶች የተጻፈው ነገር አንድ ሰው የጻፈው ይመስል ነበር። ሁካታው በአብዛኛው የሚነሣው ልጆቹ ገብተው እኛ ገና ሳንጀምር፣ የታረመ ደብተር ሲታደል፣ ፊታችንን ወደ ሰሌዳው አዙረን ረጅም ማስታወሻ ስንጽፍ፣ እንዲሁም ፈጣኖቹ ልጆች ሥራቸውን ጨርሰው ቀርፋፎቹን በሚጠብቁበት ጊዜ ነው። ልጆቹ የሚሠሩት ነገር በነበራቸው ሰዓት የተመዘገበው ጥቂት ነው። እንግዲህ «ባለጌ» ስንለው የነበረው ልጅ በአብዛኛው እኛ ባዶ የተውነውን ጊዜ በራሱ ነገር የሞላ ልጅ ነበረ ማለት ነው። ይህን ማመን ቀላል አልሆነልንም፤ ከእኛ መካከል አንዱ ደብተሩን ለሁለት ቀን ደብቆት ነበር።

በኋላ ስናነብ ይህ ነገር በሌላ አገርም የተጠና መሆኑን አገኘን። በአሜሪካ በዲትሮይት ከተማ በዌይን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ጃኮብ ኩኒን አንድ ቀን ንግግር ሲያደርጉ ጋዜጣ ዘርግቶ የሚያነብ ተማሪ ያያሉ። ተማሪውን ሲገሥጹት ሌሎቹ ምንም ያላጠፉት ተማሪዎች ቀጥ ብለው ተቀመጡ፤ ክፍሉ በሙሉ ድንጉጥ ሆነ። ፕሮፌሰሩ በዚህ ተገርመው «ተግሣጽ በሚገሠጸው ላይ ብቻ ሳይሆን በሚሰማው ላይ ምን ያደርጋል?» ብለው ለብዙ ዓመታት መረመሩ፤ የብዙ መምህራንን ክፍል በፊልም እያስቀረጹ አጠኑ። ውጤቱን በ1970 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አወጡት። ተግሣጽን ሊያጠኑ ተነሥተው ያገኙት ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ክፍላቸው የሠመረላቸውን መምህራን ካልሠመረላቸው የለየው ጥፋት ከተሠራ በኋላ የሚናገሩት ቃል አልነበረም። ልዩነቱ ከጥፋቱ በፊት በሚያደርጉት ላይ ነበር። ክፍሉን ሁሉ ባንድ ዐይን መጠበቃቸው፣ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መያዝ መቻላቸው፣ ትምህርቱን ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይቆራረጥ ማሸጋገራቸው ነው የለያቸው። የእኛ ጋሼ መጽሐፉን አላነበቡትም፤ የሚሠሩት ግን ይህንኑ ነበር።

ከበሩ እንጀምር

ቀድሞ ደወል ተደውሎ ልጆቹ ከገቡ በኋላ ነበር የምንደርሰው። አሁን ቀድመን ለመድረስ እንጥራለን፤ ሲገቡ የሚሠሩትን አራት ወይም አምስት የሒሳብ ጥያቄ፣ የቋንቋም ከሆነ ፊደል የጎደላቸው ቃላት በሰሌዳው ላይ ጽፈን በሩ ላይ እንቆማለን። ልጁ ሲገባ በስሙ እንጠራዋለን። ገብቶ የሚያገኘው ሥራ እርሱ የሚችለው መሆን አለበት፤ ከባድ ከሆነ ጎኑ ያለውን ይጠይቃል፣ ሁካታውም ከዚያ ይጀምራል። በፈረቃ በሚሠራ ት/ቤት ለምናስተምር ለእኛ ችግር የሆነብን ከፊታችን የሚወጣው መምህር ሰሌዳውን ሞልቶ መሄዱ ነበር። ለዚህ መፍትሔው አንድ ስኒ ቡና ጋብዞ መነጋገር ሆኖ ተገኘ።

የ68 ልጅ ስም መያዝ እንደሚያስቸግር እናውቃለን። የዴስኮቹን አቀማመጥ በአንድ ወረቀት ላይ ሥለን በየቦታው ስም ጽፈን ነው የያዝነው። እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስ ወረቀቱን ይዘን እንዞር ነበር፤ ልጆቹም ይስቁብን ነበር። «አንተ ቀይ ሹራብ» ተብሎ የሚጠራ ልጅ ግን ሌላ ሰው የተጠራ መስሎት ዞር ብሎ ይፈልጋል፤ አሥር ልጅም አብሮት ይዞራል። በስሙ ሲጠራ እርሱ ብቻ ቀና ይላል።

ደብተር ማደልን በሚመለከት ሥራችን ምን ያህል ሞኝነት እንደነበረበት ስንጽፈው እናፍራለን። 40 ደቂቃ ባለው ክፍለ ጊዜ 68 ስም አንድ በአንድ እየጠራን፣ እያንዳንዱ ልጅ ከመቀመጫው እየተነሣ፣ ሌሎቹን እየረገጠ መጥቶ ይወስድ ነበር። ከዚያም «ለምን ትረበሻላችሁ?» እንላቸዋለን! አሁን ስናርም በየረድፉ እንከምረዋለን፤ የየረድፉ ተጠሪ ያድላል፤ እኛም በዚያ ጊዜ የመጀመሪያውን ጥያቄ እናሠራለን። ይህን ለማሰብ ለምን ሁለት ዓመት እንደፈጀብን አናውቅም።

ወደ ሰሌዳ የሚዞር ጀርባስ ምን ይደረግ? ጋሼ ሲጽፉ ሙሉ በሙሉ ዞረው አይጽፉም፤ ትከሻቸውን ወደ ሰሌዳው፣ ፊታቸውን ወደ ልጆቹ አድርገው አንድ ዐረፍተ ነገር ይጽፉና ጠመኔውን እንደያዙ በክፍሉ ውስጥ ይመላለሳሉ። የተጻፈውን አንዱን ልጅ ያስነብባሉ፤ ከዚያ ተመልሰው ሁለተኛውን ይጽፋሉ። ረጅም ማስታወሻ ካለ ከክፍሉ በፊት ጽፈው ይቆያሉ። እኛ ስንሞክረው እጅ ጽሑፋችን ተጣመመ፤ ክፍሉ ግን ተሻለ።

ክፍልን በዐይን ብቻ ሳይሆን በጆሮም መጠበቅ ይቻላል። ከእኛ አንዱ በገጠር ባደገበት ቀበሌ በየኔታ ቤት ነው ፊደል የቆጠረው። በዚያ ዛፍ ሥር ጸጥታ የሚባል ነገር አልነበረም። አንዱ ሀ ግዕዝ ሁ ካዕብ ይላል፣ ሁለተኛው አቡጊዳ ይቆጥራል፣ ሌላው መልእክተ ዮሐንስ ያነባል፣ ትልልቆቹ ዳዊት ይደግማሉ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ሁሉም ጮክ ብለው። የኔታ ዐይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠው፣ በዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል አንድ ልጅ አንዲት ፊደል ቢስት ስሙን ጠርተው ያርሙታል። ቀና የሚሉት ከአንድ በኩል ድምፅ ሲቋረጥ ነበር። በእርሳቸው ዘንድ ጥፋት ማለት ዝምታ ነው፤ ምክንያቱም ዝም ያለ ልጅ ሥራ ያቆመ ልጅ ነውና። አለንጋው ከጎናቸው እንደነበረ አንዘነጋም፣ እርሱንም አንናፍቅም። ይሁን እንጂ ድምፅ ሁሉ ረብሻ እንዳልሆነና ዝም ያለ ክፍል ሁሉ የሚማር ክፍል እንዳልሆነ ከዚያ ተረድተናል። በጥንድ ሆነው ጥያቄ ሲወያዩ የሚሰማ ድምፅ የሥራ ድምፅ ነው፤ ዲሬክተሩ በመስኮት ቢያዩም አንደነግጥም።

ስለ ትእዛዝና ስለ ደንብ

ልጅ ትእዛዝ አልሰማ ሲል ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የትእዛዙ ነው። «ደብተራችሁን አውጡ፣ ቀን ጻፉ፣ መጽሐፉን ገጽ 34 ግለጡ፣ ሦስተኛውን ጥያቄ ሥሩ፣ የጨረሰ እጁን ያውጣ» ብለን በአንድ ትንፋሽ ስንናገር፣ የመጨረሻውን ብቻ የሰማ ልጅ እጁን ያወጣል፣ የመጀመሪያውን ብቻ የሰማ ደብተሩን ይዞ ይጠብቃል፣ ምንም ያልሰማው ይጠይቃል። አንድ ትእዛዝ ሰጥተን እስኪፈጸም መቆም፣ ከዚያ ሁለተኛውን መስጠት፣ በመካከሉም «እስቲ ምን አልኩ?» ብሎ አንዱን ማስደገም ይበቃል። ልጆቹ እያወሩ እኛም አናወራም። እንቆማለን፣ እናያቸዋለን። መጀመሪያ ጊዜ ያ ዝምታ ዓመት ይመስላል።

ስንጠይቅም እንዲሁ ነው። አሜሪካዊቷ ሜሪ ባድ ሮው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት መምህራን ከጠየቁ በኋላ በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ፣ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ ግን የልጆቹ መልስ እንደሚረዝምና ቀድሞ የማይመልሱ ልጆች መመለስ እንደሚጀምሩ አሳይተዋል። በእኛ ክፍል አምስት ልጆች «እኔ! እኔ! ቲቸር እኔ!» እያሉ ጣታቸውን ያጮኻሉ፤ የቀሩት ስድሳ ሦስቱ ጥያቄው የእነርሱ እንዳልሆነ አውቀው ወደ ጨዋታቸው ይሄዳሉ። አሁን ጠይቀን በልባችን እስከ አራት እንቆጥራለን። ከዚያ እጁን ያላወጣ ልጅ እንጠራለን፤ ከጠፋበት «ጎንህ ካለው ጋር አስቡበትና እመለሳለሁ» ብለን በእርግጥም እንመለሳለን። አለመመለስ ከአለመጠየቅ ይብሳል።

የክፍል ደንብን በተመለከተ እኛ በካርቶን ላይ አሥራ አንድ ደንብ ጽፈን ለጥፈን ነበር። ሁሉም «አትሩጡ፣ አታውሩ፣ አትብሉ» የሚሉ ነበሩ። ማድሰን፣ ቤከርና ቶማስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ደንብን መናገር ብቻውን የልጆቹን ጠባይ እምብዛም እንዳልለወጠ፤ መምህራኑ ትንንሹን ጥፋት ቸል ብለው መልካሙን ሥራ ማመስገን በጀመሩ ጊዜ ግን ለውጥ እንደታየ ጽፈዋል። የእኛ ካርቶን በጥር ዝናብ ገብቶበት ወደቀ፤ ማንም እንደወደቀ አላስተዋለም። ይህ ራሱ ፈተና ነበር። ዛሬ ያሉን ሦስት ብቻ ናቸው፤ አንድ ሰው ሲናገር ሌሎቻችን እንሰማለን፣ ለመናገር እጅ እናወጣለን፣ በሰው ዕቃና አካል ላይ እጃችንን አናሳርፍም። እነዚህንም አጻጻፋቸውን ሳይሆን አደራረጋቸውን እናስተምራለን። በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት መግባትን፣ መውጣትን፣ ደብተር መሰብሰብን እንደ መዝሙር እናለማምዳቸዋለን። ካልሆነ «እንደገና» ብለን አስወጥተን እናስገባቸዋለን። ለትምህርት የጠፋ ሳምንት ይመስላል፤ በዓመቱ ውስጥ ግን ይመለሳል።

ምስጋናን በሚመለከት በመካከላችን ክርክር ነበር። በአገራችን «ልጅ ሲመሰገን ይበላሻል» የሚል ፍርሃት አለ፤ ከእኛም አንዱ እስከ ዛሬ ይህን ፍርሃት አልተወም። የተስማማንበት የሚመሰገነው ሥራው ይሁን እንጂ ልጁ አይሁን በሚለው ነው። «አንቺ ጎበዝ ነሽ» ስትባል የሚቀጥለው ጥያቄ ቢከብዳት ጉብዝናዋ ይጠፋባታል። «ሳልነግርሽ ደብተርሽን አውጥተሽ ጀመርሽ፤ ደስ ብሎኛል» ብትባል ግን ምን እንዳደረገች ታውቃለች፤ ነገም ታደርገዋለች። በጎኗ ያለውም ቀስ ብሎ ደብተሩን ያወጣል።

ከኋላ ስለ ተቀመጠው ልጅ

ይህን ክፍል ለመጻፍ ከእኛ አንዱ ፈቃዱን እስኪሰጥ ጠብቀናል፤ ነገሩ የደረሰው በእርሱ ክፍል ነውና። ሁለታችን ብንሆን ኖሮ ከዚያ የተለየ አናደርግም ነበር፤ ስለዚህ «እኛ» ብለን እንጽፈዋለን።

በ3ኛ ክፍል አንድ ልጅ ነበረን። ሰሌዳ ላይ ጽሕፈት ሲጀመር እርሱ ወደ ጎረቤቱ ዘንበል ብሎ ማውራት ይጀምራል። ተቆጣነው፤ አልተወም። ከጓደኞቹ ለይተን የመጨረሻው ዴስክ ላይ አስቀመጥነው፤ ባሰበት። እየተነሣ ሁለት ዴስክ ወደ ፊት እየመጣ ሰው ማናገር ጀመረ። የክፍል አለቃው የረባሾችን ስም በሰሌዳው ጠርዝ ሲጽፍ የእርሱ ስም ሁልጊዜ የመጀመሪያው ነበር። አንድ ማክሰኞ ትዕግሥታችን አለቀና በክፍሉ ፊት «ደንቆሮ» ብለን ሰደብነው፣ ልጆቹም ሳቁ፤ ከሰሌዳው ሥር አንበረከክነው። እንደተንበረከከ ዝም አለ። ቀሪውን ክፍለ ጊዜ በሙሉ ቃል ሳይተነፍስ ሰሌዳውን ቀና ብሎ ሲያይ ቆየ። ቅጣቱ የሠራ መሰለን፤ ለባልደረቦቻችንም «አገኘሁለት» ብለን አወራን።

በማግሥቱ አልመጣም። ስምንት የትምህርት ቀን ቀረ። በዘጠነኛው ቀን ታላቅ እኅቱ እጁን ይዛ አመጣችው። አንገቷን ደፍታ፥ «መምህር፥ ይቅርታ ያድርጉለት። ሰሌዳው አይታየውም፤ ለዚያ ነው ልጆቹን ምን ተጻፈ እያለ የሚጠይቀው። ቤትም ቴሌቪዥኑ ላይ ተለጥፎ ነው የሚያየው» አለችን። ያን ጊዜ ሰሌዳው ሥር ተንበርክኮ ዝም ያለው ለምን እንደሆነ ገባን። በዓመቱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጻፈው ታይቶት ነበር።

በስድቡ ይቅርታ ጠየቅነው። የሰደብነው በክፍሉ ፊት ስለነበረ ይቅርታውንም በክፍሉ ፊት አደረግነው። ይህን የሰሙ አንዳንድ ባልደረቦቻችን «መምህር ልጅን ይቅርታ ከጠየቀ ክብሩ ይወድቃል» ብለው ነቀፉን። እኛ አልመሰለንም፤ ከዚያ ቀን በኋላ ክፍሉ ለመያዝ አልከበደንም። ልጁን ወደ ፊተኛው ዴስክ አመጣነው፤ እኅቱም ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ መስከረም ላይ አንድ ክፍለ ጊዜ ወስደን ሰሌዳው ላይ ፊደላት እንጽፍና እያንዳንዱን ልጅ ከመጨረሻው ዴስክ ሆኖ እንዲያነብ እናደርጋለን። ቀጥሎም ዞሮ ሳያየን በዝግታ የምንናገረውን እንዲደግም እናደርጋለን፤ በዚህም በአንድ ጆሮዋ የማትሰማ ልጅ አግኝተናል። ይህ የሐኪም ምርመራ አይደለም፤ ግን ማንን ወደ ሐኪም እንደምንልክ፣ ማንንም ከፊት እንደምናስቀምጥ ይነግረናል። እኅታችን ሆይ፥ ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ የምታደርጊ ቢሆን ይህን አድርጊ እንልሻለን።

የረባሾችን ስም ሰሌዳ ላይ ማስጻፉንም ተውነው። አለቃው የሚጽፈው ያጣላውን ነው፤ ሃምሳ ሳንቲም ወይም ብስኩት የሰጠውን አይጽፍም። ስሙ የተጻፈውም ልጅ «ከተጻፍኩ ወዲያ» ብሎ ይለይለታል። አለቃው አሁን ጠመኔና ዳስተር ያመጣል፣ መስኮት ይከፍታል፣ የቀረ ልጅ ካለ ይነግረናል።

ተግሣጽ ግን አይቅር። ዳንኤል ኦሌሪና ባልደረቦቻቸው በ1970 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ስለዚህ የሚያስተምር ነው። መምህራኑ ቀድሞ ሁሉ እንዲሰማ አድርገው ይገሥጹ ነበር፤ በኋላ ወደ ልጁ ቀርበው እርሱ ብቻ በሚሰማው ድምፅ እንዲገሥጹ ተደረገ። በዝግታው ተግሣጽ ጊዜ የአብዛኞቹ ልጆች ረብሻ ቀነሰ። እኛም ትምህርቱን ሳናቋርጥ እየተናገርን ወደ ልጁ እንራመዳለን፤ ብዙ ጊዜ ሳንደርስ ያቆማል። ካላቆመ ጎንበስ ብለን በጆሮው «ሁለተኛውን ጥያቄ ጀምር፤ አሁን እመለሳለሁ» እንለዋለን። «አታውራ» ከማለት ምን እንደሚሠራ መንገር ይሻላል። በክፍል ፊት የተገሠጸ ልጅ ግን ተመልካች አለው፤ ለተመልካች ሲል ይመልስልናል፣ እኛም ለተመልካች ስንል እንመልስለታለን።

ስለ ዱላ

ስለ ዱላ ብዙ አንጽፍም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት አካልን ከሚጎዳ ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ እንደሆኑ ደንግጓል፤ ነገሩ ከክርክር ወጥቷል። ሆኖም አርጩሜው ከክፍል ሲወጣ ብዙዎቻችን በምትኩ የምንይዘው ነገር አልተሰጠንም፤ ስለዚህ ማንበርከክን፣ ጆሮ አስይዞ ማቆምን፣ ስድብን ተካንበት። እነዚህም ያው ናቸው። አንድ አባት ልጃቸውን አምጥተው «እንደ ልጅዎ ይቅጡልኝ» ሲሉን፣ «እሺ፣ እንደ ልጄ አየዋለሁ» ብለን እንመልሳለን።

ልጅ ሲያጠፋ የሚደርስበት ነገር ከጥፋቱ ጋር የተያያዘ ቢሆን እንመርጣለን። ዴስክ ላይ የጻፈ ያጥባል፤ የጓደኛውን እርሳስ የሰበረ የራሱን ያውሳል፤ የሌላውን ጊዜ ያባከነ ከደወል በኋላ ሁለት ደቂቃ ይቆያል። ሁለት ደቂቃ ለአሥር ዓመት ልጅ፣ ያውም ኳሱ ሲጀመር፣ ብዙ ነው።

ወላጅንም የምንጠራው ለክስ ብቻ ስለነበረ፣ «ወላጅ አምጣ» የተባለ ልጅ ጎረቤቱን ሴትዮ አክስቴ ናት ብሎ ያመጣልን ነበር። አሁን በየሳምንቱ ሦስት ልጆች መርጠን በደብተራቸው ላይ አንድ መልካም መስመር ለወላጅ እንጽፋለን። ሳይቸገሩ መጥተው ያመሰገኑን እናት አሉ፤ በዚያው ጨዋታ ልጃቸው ሳይተኛ ሌሊት እንጀራ እንደሚያግዛቸው ነገሩን። ከሁለተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ለምን እንደሚነጫነጭ ያኔ ዐወቅን። በአዲስ አበባ በ2012 ዓ.ም. የት/ቤት ምገባ በከተማ ደረጃ ከተጀመረ ወዲህ የጠዋቱ ክፍል እንደተረጋጋ ነባሮቹ መምህራን ይመሰክራሉ። የተራበን ልጅ በዘዴ ዝም ማሰኘት አይቻልም።

አንድ ጨዋታም እንጨምር። በ1969 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት እንደተጻፈው በአሜሪካ በካንሳስ አንድ የ4ኛ ክፍል መምህርት 24 ተማሪዎቻቸውን በሁለት ቡድን ከፍለው፣ ደንብ በተጣሰ ቁጥር ለዚያ ቡድን ምልክት እየጻፉ፣ ትንሽ ምልክት ያለው ቡድን እንዲያሸንፍ አደረጉ፤ ሁለቱም ከተወሰነው በታች ከሆኑ ሁለቱም ያሸንፋሉ። ረብሻው በጣም ቀነሰ፤ ጨዋታው ሲቆም ግን ተመለሰ። እኛ በረድፍ ከፍለን ሞክረነዋል፤ ሽልማቱ ቀድሞ መውጣት ነበር። ይሠራል። ነገር ግን አንድ ልጅ ረድፉን ስላሸነፈ በዕረፍት ሰዓት ጓደኞቹ ከበው ሲገፈትሩት ደረስን። ስለዚህ አሁን የምንጽፈው የመልካም ሥራ ምልክት ብቻ ነው፤ በሳምንትም ከሁለት ቀን በላይ አንጫወተውም።

ያልተሳካልንንም እንናገር። የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ዛሬም ያስቸግረናል፤ ከባዱን ትምህርት ወደ ጠዋት አዙረን ለዚያ ሰዓት ንባብና ሥዕል ትተናል። ያ በፊት ያወራ የነበረው ልጅ መነጽር ካደረገ በኋላም ወሬውን አልተወም፤ ወሬኛ ነው፤ አሁን ግን የሚያወራው መልሱን ነው። የሰኔ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ደግሞ ከላይ የጻፍነው ሁሉ ዋጋ የለውም፤ መምህርም ተማሪም አይሰማማም። ያን ጊዜ ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ ጽፈን ልጆቹ መልሱን በጣታቸው ያሳዩናል፤ ስድስት ከሆነ ስድስት ጣት፣ አሥራ ሁለት ከሆነ ከጎረቤት ሁለት ጣት ተበድረው፤ እስኪያባራ ድረስ እንዲህ እንሠራለን።